«በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል?»

ሰባን የተሻገረ ሰው ልቡ ሲታመም በየቤታችን የሚባለው ነገር አንድ ዓይነት ነው። «እንግዲህ ዕድሜ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል? ማንገላታት ነው እንጂ።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ወላጆቻቸውን የሚወዱ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ እግራቸው ሥር የሚሰበሰቡ፣ ሲሞቱባቸውም ደረታቸውን የሚደቁ ልጆች ናቸው። ከሐኪሞችም መካከል ይህንኑ በለሰለሰ ቃል የሚናገሩ አሉ። አባባሉ ከመለመዱ የተነሳ እርጋታ ይመስላል፤ የፈጣሪን ፈቃድ መቀበልም ይመስላል። እኔ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ሕክምናውንም ሒሳቡንም ያሳስታል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሳኔውን ከባለቤቱ እጅ መንጠቁ ነው።

ከሕክምናው ልጀምር። የሰማንያ ዓመት አዛውንትን የደም ግፊት ማከም ይጥቀም ይጉዳ ሐኪሞች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ እርግጠኛ አልነበሩም። ብዙዎቹ «በዚያ ዕድሜ ባይነካ ይሻላል» ይሉ ነበር። ነገሩ የለየለት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሃይቬት በተባለው ጥናት ሰማንያና ከዚያ በላይ ዓመት የሆናቸው 3,845 የግፊት ታማሚዎች በሁለት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን መድኃኒት፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን ተሰጠ። ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ፤ ልዩነቱ ጎልቶ ስለታየ አምሳያውን እየሰጡ መቀጠሉ ተገቢ ሆኖ አልተገኘም። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ21 በመቶ፣ በልብ ድካም መያዝ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ሁሉ የታየው ሁለት ዓመት ገደማ በሆነ ክትትል ነው። መድኃኒቶቹም ኢንዳፓማይድና ፔሪንዶፕሪል የሚባሉ፣ በቤት ውስጥ በውኃ የሚዋጡ የቆዩ ኪኒኖች ናቸው። ለሰማንያ ዓመት ሰው «ምን ያደርግለታል» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

ሌላም ልጨምር። በድንገት «አዞረኝ» ብለው የሚወድቁ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ዕድሜ ነው፣ ደም ማነስ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ይባላል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ የልባቸው የኤሌክትሪክ መስመር የተቋረጠባቸው ናቸው፤ ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ምልክት ወደ ታችኛው ስለማይደርስ ልባቸው በደቂቃ ሠላሳና አርባ ጊዜ ብቻ ይመታል። አንጎላቸው ደም ያጥረዋል፤ ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ፔስሜከር የምትባል፣ ልብን በኤሌክትሪክ የምታስመታ ትንሽ መሣሪያ ናት። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ከአንገት አጥንቱ ሥር ከቆዳው በታች ትቀበራለች፤ ባትሪዋ ዐሥር ዓመት ገደማ ይቆያል። በሰው ገላ ውስጥ የተቀበረችው የመጀመሪያዋ ፔስሜከር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ስቶክሆልም ውስጥ የተገጠመችው አርነ ላርሰን ለሚባል የ43 ዓመት ሰው ነበር። ላርሰን በየጊዜው እየተቀየረችለት እስከ 2001 ኖረ፤ መሣሪያዋን የሠራው መሐንዲስ ሩነ ኤልምክቪስትም፣ የገጠመለት ቀዶ ሐኪም ኦከ ሴኒንግም በሞት ቀድመውት፣ እሱ በ86 ዓመቱ በሌላ በሽታ ሞተ። ልቡ ቆሞ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

በዕድሜ የጠበበና የጠነከረ የልብ ቫልቭን ብንወስድ ደግሞ ስለ ዕድሜ የሚደረገው ክርክር ጭራሽ ተገልብጧል። ፈረንሳዊው አላን ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በኩል አዲስ ቫልቭ ማስገባት እንደሚቻል አሳየ። በ2010 የወጣው ትልቅ ጥናት ቀዶ ሕክምና አይችሉም የተባሉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 83 ዓመት የሆነ ታማሚዎችን ተከታተለ። ቫልቩ ካልገባላቸው ግማሾቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ፤ ከገባላቸው ግን ከዐሥሩ ሦስት ያህሉ። ይህ ሕክምና እጅግ ውድ ነው፤ ከአብዛኞቻችን አቅም በላይ መሆኑን አልክድም። ያነሳሁት ግን «ላረጀ ሰው አይሆንም» የሚባለው ነገር ለአረጁ ሰዎች ተብሎ መሠራቱን ለማሳየት ነው። ሐኪም የሚያስጨንቀው የልደት ዘመን አይደለም፤ የሰውነቱ መድከም፣ የኩላሊቱ ሁኔታ፣ ራሱን ችሎ መራመዱ ነው። በስልሳ ዓመቱ የደቀቀ ሰው አለ፤ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ የሚወጣም አለ።

የሒሳቡ ስህተት ደግሞ የተማሩ ሰዎች ስህተት ነው። «የአገራችን አማካይ ዕድሜ ስልሳ ምናምን አይደል? እሳቸው እኮ አልፈውታል» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ አማካይ ከልደት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ነው፤ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱትን ሕፃናት ሁሉ ያካትታል። እነሱ ናቸው ቁጥሩን ወደ ታች የሚስቡት። ከዚያ ሁሉ አልፎ ስልሳ ዓመት የደረሰ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ገና ይቀረዋል። የሰባ ሁለት ዓመት እናት ከተመደበላቸው ዕድሜ በላይ በብድር የሚኖሩ አይደሉም። የሚቀራቸው ዘመን አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ስምንተኛ ክፍል የሚደርስበት ሊሆን ይችላል። ልጃቸው ሥራ እንድትገባ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉት እነዚህ እናቶች መሆናቸውን መንገር አያስፈልግም፤ ቢሆንም የሚታከሙት ስለሚጠቅሙን መሆን የለበትም። ምንም ባይሠሩ፣ ፀሐይ እየሞቁ ብቻ ቢውሉ፣ ዘመኑ የእሳቸው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። አንድ ቤተሰብ ከልብ ሐኪም ክፍል ሲወጣ ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል። አንደኛው ባንኮክ ወይም ደልሂ ነው፤ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የቤት ሽያጭ፣ በፌስቡክ የሚለጠፍ የእርዳታ ጥሪ። ሁለተኛው ቤት ተኝቶ ቀን መጠበቅ ነው። ለመጀመሪያው አቅም ስለሌለው ሁለተኛው ይመረጥና ነገሩ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ መንገድ፣ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን፣ በየወሩ የሚለካው ግፊት፣ የሚመረመረው ኩላሊት፣ ከወጡ የሚቀነሰው ጨው፣ ሕክምና መሆኑ ይረሳል። የውጭ ሕክምና ስም ራሱ ስንት ሰው አልጋ ላይ አስቀርቷል!

ጉለሌ አካባቢ የማውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሦስት ትራስ ደርበው ይተኛሉ፤ ሲብስባቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያነጋሉ። እግራቸው አብጦ የሚገባ ጫማ ስለጠፋ የልጃቸውን ሰፊ ነጠላ ጫማ እየተጫሙ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት። ጣታቸውን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጫን አድርገው ሲያነሱት ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆይ ነበር። አስም ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ፣ መጨረሻ ላይ ዕድሜ ነው ተባለ። ኢኮ የሚባለው የልብ ምርመራ ዘግይቶ ሲታዘዝላቸው የልባቸው ጡንቻ ደክሞ ደም በሚገባው መጠን እንደማይገፋ ታወቀ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቻቸው ሳሎን ተሰበሰቡ። አሜሪካ ያለው ልጅ በስልክ ድምፅ ማጉያ ገባ። ውጭ ለመላክ ስንት እንደሚፈጅ ተሰላ፤ በመንገድ ላይ ቢሞቱስ ተባለ፤ አንዱ አለቀሰ፤ በመጨረሻ «እናታችንን አናንገላታ» ብለው ተስማሙ። እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። ሁሉንም ሰምተዋል። ከሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ስለ እኔ ሲመክሩ አመሹ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።»

እትዬን ያተረፋቸው አንድ ወጣት ሐኪም ነው። «እማማ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አላቸው፤ «በጀርባዬ ተኝቼ ማደር» አሉት። ፉሮሴማይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ቆየት ብሎ ካርቬዲሎል ጻፈላቸው። በየጠዋቱ እንዲመዘኑም አዘዛቸው፤ ክብደት በድንገት ከጨመረ ውኃ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነውና። በጥቂት ሳምንት እብጠቱ ወረደ፤ በአንድ ትራስ መተኛት ጀመሩ። ዳኑ አልልም፤ የልብ ድካም በአብዛኛው አብረውት የሚኖሩት በሽታ ነው። ግን ትንሣኤን በገዛ ጫማቸው ቆመው አስቀደሱ። ይህ ደግሞ ተአምር አይደለም። ኢናላፕሪል ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ በሆነ ታማሚዎች ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ሞትን በ40 በመቶ ቀንሷል። እኛ ገና ዛሬ «ምን ያደርግላቸዋል» እያልን እንጠይቃለን።

የገንዘቡን ነገር እንደ ቀላል አላየውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፔስሜከሩ፣ የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍተው ስቴንት፣ ቫልቩ፣ ከኪኒኑም አብዛኛው በዶላር የሚገባ ነው። በተመላላሽ ክፍል ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚጠብቁ አባቶችን ቀርባችሁ አነጋግሩ። ካርዱ፣ የኢኮው ወረቀት፣ የኪኒኑ ባዶ ቅጠል እዚያው ውስጥ ነው። «በየቀኑ ይውሰዱ» የተባሉትን አንድ ቀን እያለፉ የሚውጡ፣ አንዱን ኪኒን በምላጭ ለሁለት የሚከፍሉ አሉ። ለልጆቻቸው አይናገሩም፤ ለሐኪሙም አይናገሩም። ሐኪሙ ግፊቱ አልወርድ ሲለው ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት ያዝዛል፤ እሱም በምላጭ ለሁለት ይከፈላል። እንዲህ ያለው አባት ብዙ ጊዜ ለሠላሳ ዓመት ደመወዝ ሲከፈለው ኖሮ በስልሳ ዓመቱ ጡረታ የወጣ ነው። ለሠራተኛና ለጡረተኛ የጤና መድን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይተገበር ቆይቷል። በገጠርና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚኖረው ሕዝብ የተዘረጋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ጡረተኛው ግን በሁለቱ መካከል ወድቆ ቀርቷል። «አቅም የለንም» የሚለው ቃል እውነት በሚሆንበት ቤት እንኳ ጥፋቱ የአዛውንቱ ዕድሜ አይደለም፤ ያልተተገበረው አዋጅ ነው።

ቢሆንም አቅም የሌለን ሁልጊዜ አይደለም። አባት በሞቱ በሦስት ቀን ውስጥ የምናወጣውን እንመልከት። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ለለቀስተኛው ምግብ ይቀርባል። አርባ ሲደርስ ሰንጋ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህናቱ ይጠራሉ፣ ብድር የገባው ልጅ ዓመት ሙሉ ይከፍላል። ወደ ውጭ የሄደው ልጅ ለመድኃኒት ያልላከውን ብር ለተዝካሩ ይልካል፤ ትኬት ቆርጦም ይመጣል። በእናት በአባት ቀብር ላይ መዋረድን እንፈራለን፤ ጎረቤት ያየናል፣ ይታዘበናል። የተቋረጠ ኪኒን ግን ማንም አያይም። እድሩን እየወቀስኩ አይደለም፤ ያለ እድር ልቅሶ ስንት ቤት እንደሚያፈርስ አውቃለሁ። ግን እድር ደንቡን ሲያስፈልግ መቀየር እንደሚችል አሳይቷል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ለቀብር ብቻ የተባለውን ገንዘብ በሕይወት ላሉ ታማሚ አባላትና ለወላጅ አልባ ልጆች ማዋል ጀምረው ነበር። ለልብ ታማሚ አባል የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ለሕክምና ይሸጥ ስለሚባለው ቤትም በግልጽ እንነጋገር። «ለእኔ ብላችሁ ቤቱን አትሽጡ» የሚሉ አባት ብዙ ናቸው፤ ልጆችም ይህን ቃል እንደ ኑዛዜ ይዘው ይቀመጣሉ። ቤቱ ግን የእሳቸው ነው። ላባቸው ነው። ሊሸጡት፣ ሊያከራዩት፣ ለባንክ ሊያስይዙት መብት አላቸው፤ ማስቀረትም መብታቸው ነው። እኔ የምቃወመው ያንን ቃል ሲናገሩ ስለ በሽታቸው ምን እንደሚያውቁ ማንም አለመጠየቁን ነው። ሐኪሙ ልጁን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ይነግረዋል፤ ልጁ ተመልሶ «ደህና ነዎት አባዬ፣ ትንሽ ድካም ነው» ይላል። ትንሽ ድካም የተባለ ሰው ለትንሽ ድካም ብሎ ቤቱን አይሸጥም። መተንፈስ ያቃተው የልብ ቫልቩ ስለጠበበ መሆኑን፣ ያለ ሕክምና ዓመት ሁለት ዓመት እንደሚቀረው፣ ከታከመ ምን ተስፋና ምን አደጋ እንዳለ የሰማ ሰው ግን ሌላ ነገር ሊወስን ይችላል። ዝም ያሰኘነውን ሰው «ራሱ እኮ አይፈልግም» ማለት ሐቀኝነት አይደለም።

የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ደጃፍ ሕፃናት በሺዎች ወረፋ እየጠበቁ የሽማግሌ ልብ?» ይባላል። የማዕከሉ መሥራች ዶክተር በላይ አበጋዝ ለእነዚያ ልጆች ዕድሜያቸውን የሰጡበትን ሥራ የማያከብር ሰው የለም፤ ሕፃን መቅደም እንዳለበት በመንግሥት በጀት ጠረጴዛ ላይ ከተነሳ እኔም እጄን አወጣለሁ። ነገር ግን እናቱን ሳያሳክም የቀረ ቤተሰብ ያንን ብር ለአንድ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ሰጠ ማለት አይደለም። ሁለቱ አይወዳደሩም፤ አንዱ ሌላውን ለመዝጋት የሚጠራ ሰበብ ነው። በጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቩ የተበላበት ልጅ ቢታከም ነገ የሚሆነው ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ያኔ ምን እንለው?

ሃይማኖትን የሚያስቀድሙም አሉ። ጸበል የሚጠመቁ እናትን ኪኒኑን አስጥሎ መላክ የእምነታችን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ በእስልምናም መታከም የታዘዘ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ወርፋሪን የሚወስድ ሰው በሱባዔ ሰበብ ቢያቋርጠው ደሙ ረግቶ ወደ አንጎሉ ሊሄድ ይችላል። ካህኑም ኢማሙም ይህን ከመንበራቸው ቢናገሩ ስንት ሰው ይተርፋል።

ሁሉም አዛውንት ይቀደድ፣ ሁሉም ይላክ እያልኩ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ከበሽታው የሚከፋበት ሰው አለ። እውነቱን ሰምተው፣ ጠይቀው፣ አስበው «ቤቴ ልሁን፣ ሕመሙን ብቻ አስታግሱልኝ» የሚሉም አሉ፤ ያ ውሳኔ ክቡር ነው፤ ልጆች ሊጥሱት አይገባም። የትንፋሽ እጥረትንና ሕመምን ማስታገስም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ያኛው «እምቢ» ግን ከመጋረጃ ወዲህ ሌሎች ከሚወስኑት «እምቢ» ጋር አንድ አይደለም።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት የእናት አባታችሁን ግፊት አስለኩ፤ ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ፣ በትራስ ተደግፈው የሚያድሩ፣ የሚወድቁ ከሆነ ኢኮና የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበው ኢሲጂ እንዲታዘዝላቸው ጠይቁ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲናገር እሳቸው ክፍሉ ውስጥ ይሁኑ። ሐኪሞች፣ ወደ ኮሪደር አትጥሩን፤ ታማሚዋን «እማማ፣ ምን ይፈልጋሉ?» በሏቸው። መንግሥት ለጡረተኛው የጻፈውን አዋጅ ሥራ ላይ ያውል። የእድር ዳኞችም በሚቀጥለው የወር ስብሰባ ይህን አጀንዳ ያዙ፦ በሕይወት ላለ የልብ ታማሚ አባል የመድኃኒት መደጎሚያ በደንባችን ውስጥ እንጨምር ወይስ አንጨምር? ድምፅ ይሰጥበት።